ጆሮው የተቆረጠው ውሻ

አንድ ይርዳው የሚባል የቆርቆሮ ነጋዴ መጋዘኑን የሚጠብቅለት ቡችላ አመጣ። ቡችላው ከመጣ ሳምንት ሳይሞላው የሰፈሩ ዐዋቂ ነኝ ባይ ሁሉ መጥቶ፣ ጆሮው ካልተቆረጠ ተናካሽ አይሆንም፣ እንደ በግ ይቀራል አለው። የመጋዘኑ ዘበኛ ባሻ ደግፌ ብቻ ተወው፣ ጆሮው ይጠቅመዋል ቢሉ፣ ሽማግሌው ሥራቸውን ውሻ እንዳይቀማቸው ፈርተው ነው ተብሎ ተሳቀባቸው። ይርዳው ምላጭ አመጣና ሁለቱንም ጆሮ ጉቶ ብቻ አስቀርቶ ቆረጠ።

ውሻው አደገ። ተናካሽ ሆነ? ምንም። እንደማንኛውም ውሻ ለሚያውቀው ጅራቱን ይቆላል፣ ለማያውቀው ይጮሃል።

አንድ ቀን ይርዳው ለእንግዳ ሊያሳየው ፈለገና፣ ውሻው አጥንት እየጋጠ ሳለ ከኋላው ሄዶ አንገቱን ጨበጠው። እንግዳው እንዳይነክስህ ሲለው፣ እኔ ነኝ ያሳደግኩት ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ውሻው ዞሮ እጁን ዘነጠለው።

ይርዳው እጁን ተሰፍቶ እንደተመለሰ ዘበኛውን ጠርቶ፣ ለውሻው በሥጋ መርዝ አድርገው እንዲሰጡት አዘዘ።

"አንድ ምልክት እንኳ ሳያሳየኝ ነው የነከሰኝ፣ ባሻ።"

"በምን ያሳይህ?" አሉ ባሻ፣ ትዕግሥታቸው አልቆ። "ውሻ ሲፈራ ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል። መናገሪያውን በምላጭ አንስተህ ስታበቃ አልነገረኝም ትላለህ? ደግሞ ነግሮህ ነበር። ያቺ ጉቶ ወደ ኋላ ስትለጠፍ ከበሩ ሆኜ አይቻለሁ፤ ተው ብዬ ሳልጨርስ ነከሰህ። አንተ እንግዳህን ነበር የምታየው። መርዙን የሚሰጥልህ ሌላ ዘበኛ ፈልግ።"

ይርዳው ዞር ሲል ውሻው ደጅ የቆመ መኪና ስር ገብቶ ይንቀጠቀጣል። ሁለቱ ጉቶዎች ከራሱ ቆዳ ጋር ተጣብቀዋል። ይርዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንበስ ብሎ አያቸው። ከዚያ "ተዉት በቃ" አለ።

እኛስ ምን እናደርጋለን? ልጁ ሲያኮርፍ "ፊትህን አስተካክል" እንላለን። ሚስት ሲከፋት "ደግሞ ጀመራት"። ሠራተኛው ቅር ሲለው "ካልተመቸህ በሩ ያውልህ"። አንድ ቀን ልጁ ከቤት ሲጠፋ ግን እንደ አዲስ ደንግጠን፣ ምነው አስቀድሞ ቢነግረን እንላለን። በምን ይንገረን? ቅሬታውን የሚገልጽበትን ሁሉ የከለከልነው ፍጡር የሚቀረው ጥርሱ ብቻ ነው።

እስቲ ዛሬ ቤትህ ስትገባ ልብ በል፤ ዝም ያለው ማን ነው? ደህና ሆኖ ነው ወይስ አንተ ዝም አሰኝተኸው?