የግራዝማች ድርሻ

ምላሱ እንደ ማጭዱ የተሳለ አንድ ገበሬ ነበረላችሁ። የግራዝማች አስናቀን መስክ ያጭዳል፤ ውላቸው የመጀመሪያው አጨዳ የግራዝማች፣ ከዚያ በኋላ የሚበቅለው የሱ እንዲሆን ነው። ግራዝማች እንዲህ ቸር የሆኑት መስኩ አንዴ ከታጨደ ለፍየል እንኳን የሚተርፍ ነገር ስለማያበቅል ነው!

ሰውዬው ግን መስኩ እንደታጨደ ከበረቱ ፍግ በቅርጫት እያመላለሰ በተነበት። ግራዝማችም አፍንጫቸውን ይዘው «ውይ፣ ግማትህ!» እያሉ ሲስቁበት ከረሙ። ሣሩ ጉልበት ሲደርስ ግን ሳቁን ተዉና ሽማግሌ ሰበሰቡ።

ገበሬው ጭንቅ ያዘው፤ ያ ሣር ድርቆሽ ሆኖ ካልተከመረለት ላሞቹ በጋውን አይወጡም።

«ውላችን በራሱ ለሚበቅለው እንጂ በፍግ ለበቀለው አይደለም፤ መሬቱ የኔ ነው» አሉ ግራዝማች ኩታቸውን እያጣፉ። «ያንተ ፍጉ ብቻ ነው። በል፣ ከሣሩ ውስጥ የመሬቴን ድርሻና የፍግህን ድርሻ ለይተህ አሳየን! ካቃተህ ሁሉም የኔ ነው።»

«ጌታዬ፣ እኔስ አልችልም፤ ላሞቼ ግን ይችሉበታል» አለ ገበሬው። «ሣሩን ይብሉት። የኔን ድርሻ ሆዳቸው ውስጥ ያስቀሩታል፣ የእርስዎን በጭራቸው ስር ያወርዱታል። እሱን አንዲት ሳላጎድል ተሸክሜ መሬትዎ ላይ አደርስልዎታለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እየሳቁ ፈረዱለት። ግራዝማችም «ድርሻዎ መጣ» በተባሉ ቁጥር አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ቤት ይገባሉ አሉ።