የፊታውራሪ አብተው ክንድ

አንድ ቀን ፊታውራሪ አብተው ሽፍታ አባርራለሁ ብለው ጦር አስከትለው ሲጋልቡ ከበቅሎ ወድቀው ቀኝ ክንዳቸውን ሰበሩ። ሽፍታው ሳቅ ያዘው ይሁን ፍርሃት እንጃ፣ ወንዙን ተሻግሮ በዚያው ጠፋ። ያገሩ ሰው «ተመስገን፣ እንግዲህ ጦሩም ይነሣልናል» አለ። ምን ይነሣል! ወታደሩ ባለቤቱ ይቀልበው ተብሎ በየሰው ቤት ተመርቶ ገብቷል፤ ዶሮው አለቀ፣ ሙክቱ አለቀ፣ ቅቤው አለቀ። ፊታውራሪም ክንዳቸውን ታስረው ከነጦራቸው ቁጭ አሉ።

ክንዱን በቀርከሃ ያሰረው ያገሩ ወጌሻ አያ ጓንጉል ነው። እጁ ቅቤ፣ ምላሱ ሚጥሚጣ የሆነ ሰው። አንድ ማለዳ ሚስቱ ስንዱ እየተንገበገበች መጣችበት።

«እኛ ቤት የተመራው ወታደር የዘሩን ጎታ በሰደፍ አንኳኩቶ ‹ይሄስ ሙሉ ነው?› አለኝ! የገብሱን ዘር እኮ ነው፣ በእበት መርጌ ያስቀመጥኩትን! ዝናቡ ደርሷል፤ እሱን ከበሉት ምን ልንዘራ ነው፣ አፈር? አንተ የሳቸውን ክንድ ትጠግናለህ፣ የኛን ጎታ ማን ይጠግንልን?»

አያ ጓንጉል ዝም አለ። እሱ ደግሞ ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ፊታውራሪ ዘንድ ሲሄዱ አብሯቸው ሄደ።

«ጌታችን፣ ሽፍታው ጠፍቷል፤ አገሩ ሰላም ነው። የዘር ጊዜ ደርሶብናልና ጦሩን ቢያነሡልን» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«ሰላም የሆነው እኛ ስላለን ነው» አሉ ፊታውራሪ። «እኛ ስንነሣ ይመለሳል።»

«ባለፈው አንዲት ላም ብትጠፋ ደግሞ ‹ገና ሰላም አይደለምና አንነሣም› ብለውን ነበር እኮ።»

«እሱም ልክ ነው!»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሰላም ነው ቢሉ አይነሣ፣ ሰላም የለም ቢሉ አይነሣ፤ ኧረ የምን መዓት ነው! አያ ጓንጉል ብቻ የሰማውን በልቡ ይዞ እጅ ነሥቶ ወጣ።

ሰነባብቶ የፊታውራሪ ክንድ የሚፈታበት ጊዜ ደረሰ። ፊታውራሪማ አበሳቸውን አይተዋል። በግራ እጅ መብላት ነውር ሆኖባቸው አሽከር እንደ ሙሽራ ያጎርሳቸዋል። ከቀርከሃው ሥር ሲበላቸው ደግሞ በጠመንጃ መወልወያ ዘንግ ያካሉ። ያን ታላቅ ሰው! አያ ጓንጉልን አስጠሩት።

«ና ፍታኝ!»

አያ ጓንጉል ክንዳቸውን ጫን ጫን አደረገና «ያምዎታል?» አለ።

«ኧረ ምንም አያመኝ!»

«የማያምዎት እስሩ ስላለ ነው፣ ጌታዬ። ስፈታው ይመለሳል» ብሎ እጅ ነሥቶ ሄደ።

ሳምንት ቆይተው ከወታደሮቻቸው ጋር በግብር ገበታ ላይ እንደተቀመጡ እንደገና አስጠሩት። በዚህ መሀል ፊታውራሪ አንድ ብልሃት ያገኙ መስሏቸዋል።

«ዛሬስ አሞኛል! ያሳመመኝም ይኸው እስርህ ነው፤ ፍታው!»

«ውይ፣ ካመመዎትማ ገና አልዳነም፤ መቆየት አለበት» አለ አያ ጓንጉል።

ፊታውራሪ በግራ እጃቸው መሶቡን መቱት። «አንተ ሰውዬ! ባያመኝ አትፈታ፣ ቢያመኝ አትፈታ! ታዲያ መቼ ነው የምትፈታው?»

የሚያላምጠው ሁሉ ማላመጡን ተወ። ጅራፍ ያዡ አሽከር ብድግ አለ። አያ ጓንጉል ጋቢውን አደግድጎ መሬት እስኪነካ እጅ ነሣ።

«እኔ መሃይሙ ምን አውቃለሁ፣ ጌታዬ? የያዝኩት የእርስዎን ትምህርት ነው። ሰላም ሲሆን እኛ ስላለን ነው፣ ሰላም ሲታጣ ገና ነው ብለው አስተማሩን። መቼ እንደሚያበቃ ግን እርስዎም ገና አልነገሩንም።»

ከወደ በሩ አንድ ወታደር የጎረሰው ትን አለው። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ለነገሩ ወታደሮቹም ባገራቸው ርስት አላቸው፤ የነሱም ዘር ጊዜው እያለፈ ነው። ፊታውራሪ ጅራፉን አዩ፣ ክንዳቸውን አዩ። ወጌሻውን ገርፈው ማን ሊፈታቸው ነው? ከአነጋገር ይፈረዳል ማለት ይኼ ነው። በመጨረሻ እሳቸውም ሳቅ አመለጣቸው።

«አፍህን ጅብ ይብላው! በሉ፣ ጭነት ጫኑ!» አሉ።

የስንዱ ወታደር አኩርፎ ጓዙን ይዞ ወጣ፤ እሷም ጎታዋን ዳበስ አድርጋ ለመጀመሪያ ጊዜ «በሰላም ግባ» አለችው። ጦሩ ወንዙ ዳር ሲደርስ አያ ጓንጉል ተከትሎ የፊታውራሪን ክንድ ፈታ። ፊታውራሪ ጣታቸውን ጨበጥ ዘርጋ አደረጉ፤ እንደ ድሮው ነው። ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ይህ ክንድ ከዳነ ቆይቷል፣ አይደለም?»

«ቆይቷል፣ ጌታዬ» አለ አያ ጓንጉል፣ ቀርከሃውን እየሰበሰበ። «ልክ እንዳገሩ።»