የተሸካሚው ባት

አንድ በእህል ገበያ ኩንታል በመሸከም የሚኖር ዘርጋው የሚባል ሰው ነበር። ቤት ስላልነበረው የሚያድረው በመጋዘን በረንዳ ላይ ባዶ ጆንያ አንጥፎ ነው። ሀብቱ ሁለቱ ባቶቹ ነበሩ። ጓደኞቹ «ዘርጋው ቢሞት እንኳ ባቱ ብቻውን ሥራ ይገባል» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ሲሸከም አንድም ቀን «እግሬን» ብሎ አያውቅም።

አንድ ክረምት በመጋዘኑ አጠገብ ያለው ቦይ ሞልቶ በረንዳውን አጥለቀለቀው። አይጦችም ከጉድጓዳቸው ሸሽተው መጡና ጆንያውን ተጋሩት። ዐሥር ቀን እንዳለፈ ዘርጋው በትኩሳት ነደደ። ዓይኑ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ቢጫ ሆነ። ባቱ በቢላ የተሰነጠቀ ያህል አመመው። ግድግዳ እየተደገፈ ሐኪም ቤት ደረሰ።

ወጣቱ ሐኪም ከወንበሩ ሳይነሳ ጠየቀው።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ተሸካሚ።»

«የት ትኖራለህ?»

«በረንዳ።»

ሐኪሙ ከዚህ በላይ መጠየቅ አላስፈለገውም። «ዓይንህን ቢጫ ያደረገው አረቄ ነው። ባትህን ያመመህ ሸክም ነው። ማስታገሻ ውሰድና ቤትህ ገብተህ እረፍ።»

ዘርጋው የማዘዣ ወረቀቱን አልተቀበለም። «አረቄ አልቀምስም ብዬ ብምልም አታምነኝም፤ እሱ ይቅር። ባቴን ሸክም አመመው ማለትህ ግን ስድብ ነው! ይህ ባት ኩንታል ይዞ ሦስት ፎቅ ሲወጣ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። የሸክምን ሕመም አውቀዋለሁ። ይህ እሱ አይደለም።»

«ተሸካሚን ባቱ ካላመመው ምኑ ሊያመው ነው?» ብሎ ሐኪሙ ሳቀና ሌላ በሽተኛ ጠራ። ዘርጋው ግን ከአግዳሚው አልተነሳም። ከዚህ ከወጣ በእግሩ እንደማይመለስ ታውቆታል።

ጭቅጭቁን የሰሙ አንዲት አሮጊት ነርስ መጡ። ጎንበስ ብለው ባቱን ጨበጥ አደረጉት። ዘርጋው ጥርሱን ነከሰ፤ ዕንባው ግን ወረደ።

«ከማን ጋር ነው የምታድረው፣ ወንድሜ?»

«ከአይጥ ጋር ነው፣ ሲስተር። እነሱንም እንደ እኔ ውሃው አፈናቅሏቸዋል።»

«ተረከዝህስ ተሰነጣጥቋል?»

«የተሸካሚ ተረከዝ መቼ ደኅና ሆኖ ያውቃል!»

ነርሷ ወደ ሐኪሙ ዞሩ። «ደሙ ይመርመር። የአይጥ ሽንት ያለበት ውሃ በተሰነጠቀ ቆዳ ይገባና ጉበትና ኩላሊት ይጎዳል፤ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው፣ ባትንም የሚያሳምመው እሱ ነው። ሰውየው እኮ ነገረህ፤ አንተ ግን ጉራ መሰለህ።»

ደሙ ተመረመረ፤ እንዳሉትም ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱ ተሰጠውና ተረፈ።

ከወር በኋላ ዘርጋው ወደ ሐኪም ቤቱ ተመለሰ። በጀርባው በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ የበረንዳ ጓደኛውን አዝሎ፣ ደረጃውን አንዴም ሳያርፍ ወጣው። ወጣቱ ሐኪም ሲያየው ከወንበሩ ተነሳ። ስም እንኳ ሳይጠይቅ ተንበርክኮ የበሽተኛውን ባት ጨበጠ፤ ከዚያም «የት ነበር ያደርከው?» አለው።

ዘርጋው ቀና ብሎ ቆመና «አሁን ሐኪም ሆንክ» አለ።

ቤት ለሌለው ሰው ገላው ቤቱ ነው። የትኛው ምሰሶ እንደተነቃነቀ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ስንት መጽሐፍ የጨረሰ ዓይን ግን ድሃ ፊቱ ሲቆም ማንበብ ይተዋል! የድሃን ኩራት አትናቁ፤ ስለ ራሱ የሚያቀርበው ምስክር ኩራቱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

እርስዎስ፣ በየማለዳው «እንዴት አደርክ?» ብለው ከሚያልፏቸው ሰዎች የስንቱን መልስ ቆመው ሰምተዋል?