አያ ጅቦ የሸመደደው ሰንጠረዥ

አንድ ጊዜ፣ የሐይቁ ጉም እስከ ረፋድ በማይገፈፍበት አገር፣ አያ ጅቦና አህዪት በአንድ መስክ ተጣሉ። አህዪት «ሣሩን የምግጠው እኔ ነኝ» ስትል፣ አያ ጅቦ «መስኩም የኔ፣ ሣሩን የምትግጠውም የኔ» አለ። ዳኛው አንበሳ ነበር። ጠግቦ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለው ስለነበር ነገሩን አላጓተተም።

«የዛሬ ሳምንት ሰንጠረዥ ተጫወቱ። አህዪት ካሸነፈች ጅብ እዚህ መስክ ድርሽ አይልም። ጅብ ካሸነፈ ደግሞ…» ብሎ አዛጋ። የቀረውን አህዪት ራሷ በልቧ ጨረሰችው።

አያ ጅቦ በቀጥታ ሰንጠረዥ ወደምታውቀው ወደ እመት ቀበሮ ሄደ። እሷም በየቀኑ ሥጋ እያስመጣች፣ ከመጀመሪያው አንሥቶ አርባ እርምጃ አሸመደደችው። ጅቦ ወንዝ ሲሻገር፣ አጥንት ሲቆረጥም፣ ተኝቶ ሲያንኮራፋ እንኳ «ፈረስ በግራ፣ ወታደር ወደፊት…» እያለ ያነበንብ ነበር።

አህዪት ግን ከአራት እርምጃ በላይ በቃሏ መያዝ አቃታት። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ጉሙን እያየች በሐሳብ ጭልጥ ትላለች።

«እማማ ኤሊ፣ መበላቴ ነው!» ብላ ሐይቁ ዳር ለምትኖረው አሮጊት ኤሊ አለቀሰችላት።

«አራቱን ለምን እንደምትሄጃቸው ታውቂያለሽ?» አለቻት ኤሊ።

«ፈረሶቹን ከጋጣ ለማውጣት፣ ንጉሡንም ለመሸሸግ።»

«እንግዲያው ለጊዜው ይበቁሻል። ነይ፣ እንጫወት።»

ተጫወቱ፤ አህዪት ተሸነፈች። እማማ ኤሊ ጠጠሮቹን ከመሰብሰቧ በፊት «የት ላይ ወደቅሽ?» አለቻት። ተመልሰው ፈልገው አገኙት። አህያ ደግሞ ጭነት ይዛ የወደቀችበትን ድንጋይ ዓመት ቢያልፍ አትረግጠውም። በማግሥቱ ሌላ ቦታ ወደቀች፤ እሱንም ያዘችው። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ በጉሙ ውስጥ ሰሌዳው እንደ መስክ ይታያት ጀመር፤ እዚህ ገደል፣ እዚያ ረግረግ፣ ማዶ ደግሞ መልካም መንገድ። ደስ አላት። ፍርሃቷንም ለጥቂት ጊዜ ረሳችው።

ቀኑ ደረሰ። አያ ጅቦ ዓይኑን ጨፍኖ የሸመደደውን ያወርደው ገባ። አህዪት አራቱን ተጫወተች፤ ከዚያ በኋላ በገዛ ሐሳቧ ሄደች። ጅቦ ስድስተኛውን ሊሄድ ዓይኑን ቢገልጥ፣ በቦታው የአህዪት ወታደር ቆሟል።

«ይሄ እዚህ ምን ይሠራል? እመት ቀበሮ! እንዲህ አላልሽኝም እኮ!»

«እኔ የማውቀው እዚያ ካልቆመ ነው» አለች ቀበሮ፣ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ።

ግራ የገባው ጅቦ የለመደውን አደረገ፤ ወታደሩን በላው። ከጎኑ ያለውንም በላ። እየበላ፣ እየበላ ሲርቅ ንጉሡ ብቻውን ቀረ። አህዪት ቦታውን አወቀችው። እሷም በመጀመሪያው ቀን የወደቀችው እዚሁ ነበር። ፈረሷን በቀስታ አስገባች።

«አያ ጅቦ፣ ንጉሥህ መሄጃ የለውም።»

«እንዴት ተደርጎ! ገና ሠላሳ አምስት እርምጃ ይቀረኛል እኮ!» ብሎ ጮኸ።

አንበሳው ሳይነሣ በጅራቱ ማዶውን አመለከተው። ጅቦም የቀሩትን እርምጃዎች እያነበነበ ጉሙ ውስጥ ገባ። አህዪት ከመስኩ መካከል ተጋድማ፣ ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትባንን ተኛች።

ከዚህ የምንማረው፣ ጅማሬውን ጥቂትም ቢሆን ከነምክንያቱ ማወቅ ቢጠቅምም፣ ሰውን ዐዋቂ የሚያደርገው የሸመደደው ብዛት ሳይሆን ወደ ወደቀበት ቦታ ተመልሶ ማየቱ መሆኑን ነው።