አመለወርቅ የምትቀመጠው መቼ ነው?

ተረት ልነግራችሁ ነው። ላሟ በረቷ ውስጥ ትቆይልኝ፣ እናንተ ግን ጠጋ በሉ። መሃል ላይ የሚያቋርጠኝ ካለ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ ይኼ ተረት ደግሞ ከመጀመሪያው ሲጀመር ይረዝማል።

በከተማችን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አመለወርቅ የምትባል ሠራተኛ ነበረች። ወጣትነቷን ያሳለፈችው የሽመና ማሽን ፊት ቆማ ነው። ክር ይበጠሳል፣ ትቋጥራለች፤ ማሽኑ ይነሳል፣ ክር ይበጠሳል፣ ትቋጥራለች። ከዚያ ቁርጥማት ያዛት። ሐኪሞቹ አይገድልሽም፣ ግን አይለቅሽም አሏት። አንዳንድ ቀን እንደ ማናችንም ገበያ ሄዳ ትመለሳለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ጣቷ አልታጠፍ፣ ጉልበቷ አልዘረጋ ይላል፤ ብርጭቆ እንኳ አትይዝም። እና አመለወርቅ አንድ ትንሽ ነገር ፈለገች። መቀመጥ ፈለገች። በጤና ጉድለት ጡረታ ወጥታ፣ ደጃፏ ላይ ወንበር አድርጋ፣ እግሯን ዘርግታ መቀመጥ። ጡረታው ካልተፈቀደላት የወሰደችው የዓመት ፈቃድ ሲያልቅ ወይ ማሽኑ ፊት ትቆማለች፣ ወይ ባዶ እጇን ትሰናበታለች። ከራሷ በቀር የሚያበላት ሰው አልነበራትም።

ስለዚህ ጉልበቷ የታዘዘላትን ቀን መርጣ፣ ታጥባ፣ ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ ጡረታ ቤት ሄደች። ጸሐፊው ትሁት ሰው ነው፤ ተነስቶ እንደምን ነዎት አላት። እሷም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ አለች። ደህና ነኝ ብላ ስታበቃ አሞኝ ነው የመጣሁት አለችው። ጸሐፊው ነጠላዋን አየ፣ ፊቷን አየ፣ ግራ ገባው። የሐኪሞች ቦርድ መሥራት አትችልም ብሎ ይወስን አላት። በሉ እንግዲህ፣ ከእኔ ጋር፦ ቦርዱ ካልወሰነ ጡረታ ቤቱ አይከፍልም፤ ጡረታ ቤቱ ካልከፈለ አመለወርቅ አትቀመጥም።

ወደ ቦርዱ ሄደች። በር ላይ ያለችው ሴት እንደምን አደሩ አለቻት። ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሴትዮዋ ከሚያክምዎት ሐኪም ደብዳቤ ያምጡ ብላ መለሰቻት። ሐኪሙ ካልጻፈ ቦርዱ አይወስንም፤ ቦርዱ ካልወሰነ ጡረታ ቤቱ አይከፍልም፤ ጡረታ ቤቱ ካልከፈለ አመለወርቅ አትቀመጥም።

ሐኪም ቤት ወረፋ ስትጠብቅ የምትለውን በሆዷ አጠናች። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አይታጠፉም፣ የቀሚሴን ቁልፍ መቆለፍ ያቅተኛል፣ ልበል አለች።  ነገ ገበያ መሃል ሲያገኘኝስ? አስመሳይ ናት ቢልስ? ቁጭ ብላ ለመብላት ነው ቢሉኝስ? ይኼን ስታወጣ ስታወርድ ተጠራች። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ እንዴት ነዎት አላት። ያጠናችው ሁሉ ድራሹ ጠፋ። ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሐኪሙ ካርዷን ገለጠው። ባለፈው ደህና ነኝ ብላለች፣ ካቻምና ደህና ነኝ ብላለች። መድኃኒቷን ያውቃል፣ መገጣጠሚያዋ ማበጡንም ያውቃል፤ ሥራ እንደሚከለክላት ግን ማን ነግሮት ይወቅ? ከሥራ ቦታዎ የሥራዎን ሁኔታ አጽፈው ይምጡ አላት። የፈረቃ አለቃው ካልጻፈ ሐኪሙ አይጽፍም፤ ሐኪሙ ካልጻፈ ቦርዱ አይወስንም፤ ቦርዱ ካልወሰነ ጡረታ ቤቱ አይከፍልም፤ ጡረታ ቤቱ ካልከፈለ አመለወርቅ አትቀመጥም።

የፈረቃ አለቃው ጋሽ ክፍሌ ይባላል። ድምፁ ከማሽኑ ይበልጣል፣ ልቡ ግን ቅቤ ነው። ገና ሲያያት ሳቀ። አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽና ነው፣ አሞኛል ብለሽኝ ታውቂያለሽ ወይ፣ ክፍሉ ውስጥ እንዳንቺ ክር የሚቀጥል ማን ነበር አላት። ልክ ነው፣ ብላው አታውቅም። ያላየሁትን አልጽፍም፣ አጠገብሽ የምትሠራው ድንቄ መጥታ ትንገረኝ አለ። እሱም ሲለያት እንዴት ነሽ ግን አለ፤ እሷም ደህና ነኝ ጋሼ አለች። እኔ ብሆን አፏን በእጄ እይዝላት ነበር። ድንቄ ካልመሰከረች አለቃው አይጽፍም፤ አለቃው ካልጻፈ ሐኪሙ አይጽፍም፤ ሐኪሙ ካልጻፈ ቦርዱ አይወስንም፤ ቦርዱ ካልወሰነ ጡረታ ቤቱ አይከፍልም፤ ጡረታ ቤቱ ካልከፈለ አመለወርቅ አትቀመጥም።

ድንቄ ከአመለወርቅ ጋር ማሽናቸው ጎን ለጎን፣ ቤታቸውም ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ሥራ ስትሄድ በሯን ሳታንኳኳ አታልፍም። እንደ እሷ የሚወዳት የለም፤ እንደ እሷም ችኮ የለም። ምስክር ሁኚኝ ስትባል እጇን አጣምራ ቆመች።

"በየጠዋቱ እጠይቅሻለሁ፣ በየጠዋቱ ደህና ነኝ ትይኛለሽ። የቱን ልመስክር?" አለቻት። "መጠርጠሩንስ ጠርጥሬ ነበር። ጠረጠርኩ ብዬ ግን አልምልም። ከአፍሽ ልስማው።"

አመለወርቅ አፏን ከፈተች። ምላሷ እምቢ አለ። እናቷ ሰው ሲጠይቅሽ አመስግኚ እያለች ነው ያሳደገቻት፤ አሞኛል ማለት ምስጋና ማጉደል መሰላት። ደግሞ ያን ቀን እውነትም ደህና ነበረች፤ መውጣት የምትችለው ደህና በሆነች ቀን ነዋ! ያመማትን ቀን ማን አይቷት? ግድግዳውና እሷ ብቻ። ምላሷ ካልተናገረ ድንቄ አትመሰክርም፤ ድንቄ ካልመሰከረች አለቃው አይጽፍም፤ አለቃው ካልጻፈ ሐኪሙ አይጽፍም፤ ሐኪሙ ካልጻፈ ቦርዱ አይወስንም፤ ቦርዱ ካልወሰነ ጡረታ ቤቱ አይከፍልም፤ ጡረታ ቤቱ ካልከፈለ አመለወርቅ አትቀመጥም። ትንፋሽ ልውሰድ።

የዓመት ፈቃዷ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ድንቄ እንደ ልማዷ አንኳኳች።

"አመለ፣ እንዴት አደርሽ?"

 አመለወርቅ ከአልጋዋ ወርዳ፣ ግድግዳ ይዛ፣ በሩ ድረስ ደርሳለች። መቀርቀሪያው ፊቷ ነው። ጣቶቿ ግን አልይዝ አሉ። በመዳፏ ገፋችው፣ በክርኗ ሞከረች፣ አልሆነም። ምላሷ ደግሞ ያለ ፈቃዷ ጀመረ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህ... ብሎ እዚያው ቆመ። ደህና ነኝ ብትል ድንቄ ሥራዋ ትሄዳለች። እሷ ደግሞ በተዘጋ በር ውስጥ ትቀራለች። ይኼን ስታስበው አለቀሰች።

"ደህና አይደለሁም ድንቄ" አለች። "በሩን መክፈት አቃተኝ። ብዙ ጊዜ ነው እንዲህ የምሆነው።"

ድንቄ ቤቷ ሮጣ ቢላዋ አመጣችና በስንጥቁ አስገብታ መቀርቀሪያውን አነሳችው። ገብታ ጓደኛዋን አየቻት። ቀሚሷ ቁልፉ ተዛንፏል፣ ፀጉሯ አልተበጠረም፣ ጣቶቿ ያበጡ ናቸው። አቅፋት አለቀሰች፣ አልቅሳ ስታበቃ ተቆጣቻት። እኔ እዚህ ግድግዳ ሥር ተኝቼ አንቺ ብቻሽን ትሰቃያለሽ ብላ ወረደችባት፤ ቁጣው ደስ ይላል፣ እንደዚያ የሚቆጣ ሰው ይስጣችሁ። አመለወርቅ እስኪ ትንሽ እስኪሻለኝ ጠብቂኝና ጋሽ ክፍሌ ዘንድ እሄዳለሁ አለች። ድንቄ አይሆንም አለች። እንግዲያው ነጠላዬን ስጪኝ አለች አመለወርቅ። ድንቄ ይኼንንም አይሆንም አለች።

"በደህናሽ ቀን ሄደሽ ደህና ነሽ ብለው መለሱሽ። ዛሬ ነው የምንሄደው፣ እንደዚሁ።"

ባጃጅ ተጠራ። አመለወርቅን ደግፈው አሳፈሯት። ፋብሪካው ደረሱ። ጋሽ ክፍሌ ሲያያት ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። እጇን አየ፣ ያን ጊዜ አንድ ነገር አስታወሰ። ክሩን በጥርሷ ስትቋጥር አይቷት ያውቃል፤ ለፍጥነት መስሎት ጀማሪዎቹን እንደ እሷ ሥሩ ይላቸው ነበር። ለካ ጣቷ አልታዘዝ ብሏት ነው። አፍሮ ወንበሩን ለቀቀላት።

እንግዲህ የተቋጠረው ሲፈታ ተከተሉኝ። ምላሷ ተናገረ፣ ድንቄ መሰከረች። ድንቄ መሰከረች፣ አለቃው ጻፈ፤ ስለ ጥርሷም ሳይቀር ጻፈ። አለቃው ጻፈ፣ ሐኪሙ ጻፈ፤ ከዚህ በኋላ እንዴት ነዎት አልልም፣ ዛሬ ምን አቃተዎት ብዬ ነው የምጠይቅዎት አላት። ሐኪሙ ጻፈ፣ ቦርዱ ወሰነ። ቦርዱ ወሰነ፣ ቀረ ጡረታ ቤቱ።

ጡረታ ቤት የሄዱበት ቀን አመለወርቅን ሻል ብሏት ነበር፤ ነጭ ነጠላዋንም ለብሳለች። ጸሐፊው ወረቀቱን አየ፣ ማህተሙን ቀለም አስነካ፣ ማህተሙን እንዳነሳ ቀና ብሎ ያው ትሁት ሰው ነውና ጠየቃት።

"እንደምን ነዎት ወይዘሮ አመለወርቅ?"

ድንቄ ከጠረጴዛው ሥር ቆነጠጠቻት። አመለወርቅ ግን ዘና ብላ ጸሐፊውን አየችው።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ደህና ነኝ" አለች። "ማክሰኞ ደህና አልነበርኩም። የነገውን አላውቀውም።"

ጸሐፊው ራሱን ነቀነቀና ማህተሙን አሳረፈው።

አሁን በዚያ ሰፈር ብታልፉ ደጃፏ ላይ ታገኟታላችሁ። በደህናዋ ቀን ተቀምጣ ነው፣ በክፉዋም ቀን ተቀምጣ ነው፤ በሯ በክፉዋ ቀን ስለማይቀረቀር ድንቄ እየገባች ትወጣለች። እኔም ተረቴን ጨረስኩ፤ ዳቦውን ለራሳችሁ አስቀሩት፣ እኔ የምፈልገው መልስ ነው። እናንተስ፣ እንዴት ናችሁ? አትቸኩሉ፣ አስባችሁ መልሱ።