ከመሄድህ በፊት ካራዬን ሳልልኝ

ተረት ተረት።

«የላም በረት» ነው ያላችሁት? ለመሆኑ ከመካከላችሁ ላም ያለው ማነው? ዛሬ የምነግራችሁ የካራ ነገር ነውና «የካራ አፎት» በሉኝ። እንደገና፤ ተረት ተረት።

የካራ አፎት።

እንዲህ ነው እንጂ።

በድሮ ዘመን በአንድ መንደር ቢያድግልኝ የሚባል ቀጥቃጭ ነበረ። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ካራውን፣ ሰንጢውን፣ የእሾህ መንቀያ ወረንጦውን ሳይቀር ለመንደሩ ሁሉ የሚሠራ እሱ ነበር። ሚስቱ ጠጅቱ ወናፍ ትነፋለታለች። ቢያድግልኝ እጁ ጎበዝ ነው፤ ልቡ ግን ራሱን አያምንም። ካራ ስሎ ሲጨርስ በክንዱ ጠጉር ይሞክረዋል። ጠጉሩ ሙልጭ ይላል። እሱ ግን ምናልባት የክንዴ ጠጉር ሳስቶ ይሆናል ይልና ወደ ላይ ወጣ አድርጎ ይሞክረዋል። ከዚያም እንደገና ይስለዋል።

የመንደሩ ሰው የሠራውን ይወስዳል እንጂ ቤቱ ገብቶ ውሃ አይጠጣም። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይሉ ነበራ። በሳለው ካራ ሥጋ ሲቆርጡ ግን ዓይኑ ትዝ አይላቸውም።

አንድ ቀን የመንደሩ ጭቃ ሹም ወንድይፍራው ሰርግ ተጠሩና የበግ ሙክት ላት ብቻቸውን ጨረሱ። ከዚያም ሆዳቸውን ቆረጣቸው። ሲንከባለሉ አድረው በጧት ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡና ቀጥቃጩ በልቶኛል አሉ። አንድ ሽማግሌ የላቱን ነገር ሊያነሳ ሲል ጭቃ ሹሙ አፈጠጡበት። ሽማግሌውም አልተናገርኩም አለ። ቢያድግልኝና ጠጅቱ እስከ ቅዳሜ አገር ለቀው ይውጡ ተብሎ ተፈረደ። ጠጅቱ እርጉዝ ናት። ጤፋቸው ገና አልታጨደም። ቢወጡ የሚቀበላቸው መንደር የለም።

በዚያ አገር ደንብ የሚባረር ሰው ዕቃውን ራሱ አይጭንም። ራሱ ከጫነ የመንደሩን በረከት አብሮ ይጭናል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ ከድስት እስከ ሙቀጫ አንድ በአንድ አራግፈው የሚጭኑት አባራሪዎቹ ናቸው።

ከፍርዱ ሲመለሱ ወንዶቹ ሁሉ ወገባቸውን ዳሰሱና ካራቸውን አገኙት። የደነዘ ነው። ከቅዳሜ በኋላ ማን ይስለው?

መጀመሪያ በጓሮ በኩል የመጡት መምሬ ድንበሩ ናቸው። ፍርዱን ያጸደቁት እሳቸው ነበሩ። ከጋቢያቸው ሥር አንዲት ሰንጢ አወጡ። በዚያች ሰንጢ ብዕር ይቀርጹባታል፣ ዳቦ ይቆርሱባታል፣ የእግራቸውን ጥፍርም ያነሱባታል። የትኛው እንደሚቀድም አልጠየቅናቸውም።

መምሬ፦ ልጄ፣ በነገሩ አዝኛለሁ። ከመሄድህ በፊት ግን ይቺን ሳልልኝ።

እሳቸው ሳይወጡ ሌላው መጣና አጥሩ ሥር ተጎልቶ ጠበቀ። ሌላም መጣ። ምን ፈልገህ ነው ሲባባሉ አንዱ የጠፋች ፍየል ፍለጋ ነው አለ። ሌላውም ፍየል ጠፍታብኝ ነው አለ። በሕይወቱ ፍየል ኖሮት የማያውቅ ሁሉ ያን ቀን ፍየል ጠፋችበት። ጭቃ ሹሙም ካራቸውን በሚስታቸው ላኩ።

ጠጅቱ ይህን ስታይ ደሟ ፈላ። አበላሽባቸው፣ በዶልዱም ካራ እየገዘገዙ ያስታውሱን አለችው። እሱም ልክ ነሽ አለና የጭቃ ሹሙን ካራ ሁለቴ ሞረድ አስነክቶ አስቀመጠው። ከዚያም አየው። ስለቱ ላይ አንዲት እንደ ጥርስ የሾለች ሽራፊ አለች። ዞር አለ። ተመልሶ አየው። ከዚያም አነሳው።

ቢያድግልኝ፦ አልቻልኩም። በኋላ ይህን የሳለው ቢያድግልኝ ነው ቢሉኝስ?

ጠጅቱ፦ ቡዳ ነው ሲሉህ ዝም ያልከው ሰውዬ፣ ዶልዱም ነው እንዳይሉህ ነው የምትጨነቀው?

እሱ ግን የመጨረሻ ሥራዬ ነው እያለ ከወትሮው አብልጦ ሳለ። በክንዱ እየሞከረ ክንዱን ጨረሰ። ወደ እግሩ ወረደ። ሐሙስ ማታ ላባው የተነጨ ዶሮ መስሎ ተኛ።

ቅዳሜ መንደሩ ወጣ። ሰው ማባረር ያስርባልና አስቀድመው የቅርጫ በሬ አርደው ለመካፈል ተቀመጡ። የእነዚያ ሰዎች እጅ የለመደው ደነዝ ካራ ነው። ትከሻቸውን ሰጥተው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ነው የሚቆርጡት። ጭቃ ሹሙም ጮማውን ከተቀመጠበት ቅጠል ጋር ያዙና እንደለመዱት ባለ በሌለ ኃይላቸው ተጫኑት። ካራው በጮማው አለፈ፣ በቅጠሉ አለፈ፣ አውራ ጣታቸው ላይ ደረሰና ቆመ። አጠገባቸው ያለው ሰው ሲስቅ የራሱን ቆረጠ። በእሱ የሳቀውም እንዲሁ። የመምሬ ድንበሩ የእጅ ጣት ብቻ ተረፈ። እሳቸው የቆረጡት የእግራቸውን ነው።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ መምሬ እያነከሱ፣ ሌላው ሁሉ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ወደ ላይ አንስቶ ቢያድግልኝ ደጅ መጣ። አህያዋ ቆማለች። ጠጅቱ ደፍ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ታሻለች።

ጠጅቱ፦ እንግዲህ ደንቡን ታውቃላችሁ። ጫኑልን።

አንዱ ገመድ ሊቋጥር ሞከረ፤ ቋጠሮው ተፈታበት። አንዱ ሙቀጫ አነሳና እግሩ ላይ ጣለው። ብረት የሚቀጠቀጥበትን መስፍ የሚነካው ጠፋ። ቢያድግልኝ ሰው ሲቸገር ማየት አይችልምና ልርዳችሁ ብሎ ጎንበስ አለ። መንደሩ ሁሉ በአንድ ድምፅ ተው አትንካ፣ በረከታችንን አለው። ጠጅቱም በጋቢው ጎትታ አስቀመጠችው።

ጭቃ ሹሙ አሰቡ፤ ከዚያም ጣታችን እስኪድን ይቆዩ ብለው ፈረዱ።

ጣቱ እስኪድን ጤፉ ታጨደ። ልጁም ተወለደ። ካራዎቹም ደነዙ። የማባረሪያው ቀን እንደገና ሲቆረጥ፣ ፍየሎቹ እንደገና ጠፉ። ቢያድግልኝ ሳለ፤ እነሱም በሬ አረዱ፤ ጣታቸውንም ቆረጡ። እንዲህ ሲባረር ሲባረር የቀጥቃጩ ልጆች ለአቅመ ሥራ ደረሱ።

ጭቃ ሹሙ ሊሞቱ ሲያጣጥሩ ልጃቸውን ጠሩት።

ጭቃ ሹሙ፦ ልጄ፣ ያን ቀጥቃጭ አባርረው። አደራ።

ልጁ፦ ነገውኑ አባርረዋለሁ፣ አባቴ። የተዝካርዎን በሬ ግን በምን እንረደው?

ጭቃ ሹሙ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ሞቱ ብለው ሴቶቹ ሊያለቅሱ ሲሉ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

ጭቃ ሹሙ፦ እንግዲያው ከተዝካሩ በኋላ።

ተረቴን ሰማችሁ፤ ዳቦ ይምጣ ከቤታችሁ። ከለስላሳው በኩል ቁረሱልኝ፤ ቢላዋ አትፈልጉ፣ በእጃችሁ።