ጥንቸልና የተጣለችው ጎታ

ተረት ተረት! «የበጋ መሬት!» በሉኝ እንጂ፤ እናንተ ዝም ካላችሁ ተረቱም ዝም ይላል። እህ፣ እንደሱ ነው!

ድሮ፣ እንስሳቱም ዕቃውም እንደ እኔና እንደ እናንተ ሲያወራ፣ አንዲት ጥንቸል ገብስ ማሳ ውስጥ ሦስት ልጆቿን ይዛ ትኖር ነበር። ግድግዳዋ ገብስ፣ ጣራዋ ገብስ፣ ምንጣፏ ገብስ። «የሰው ጎጆ ከዓመት ዓመት ያረጃል፤ የእኔ ቤት ግን በየቀኑ ያድጋል» እያለች ትኮራ ነበር። ባሏስ የት ሄደ እንዳትሉኝ፤ የወንድ ጥንቸል ነገር ይታወቃል።

ታዲያ በጋ ገባ፤ ገብሱም ደረሰ። ባላገሩ ደቦውን ይዞ መጣና እየዘፈነ ያጭድ ጀመር። ረፋድ ላይ ግድግዳዋ ሄደ። ቀትር ላይ ጣራዋ ሄደ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ምንጣፏም ታስሮ በአህያ ተጫነና ወደ አውድማ ወረደ። እመት ጥንቸል ከነልጆቿ በባዶ ማሳ መሃል ቀረች። ቀና ብትል ንስር ሰማዩ ላይ ይዞራል።

«እማዬ፣ ቤታችንን ወሰዱብን» አለች ታናሺቱ።

«ገብሳቸውን ነው የወሰዱት። የእኛ ቤት ገና አልተገኘም» አለች እመት ጥንቸል። «ተነሡ! እንሂድ።»

«ወዴት?»

«ዘመድ ጥየቃ።»

ዘዴዋ ገባችሁ? በጋ ዘመድ የሚጠየቅበት ጊዜ ነው። እህሉ ገብቷል፣ ሰርጉ ተደግሷል፣ መንገዱም ደርቋል። ማንም የማንም ደጅ ላይ ቢቆም «ምን ፈልገህ መጣህ?» የሚለው የለም። እሷም «ቤት አጣሁ» ብላ ከምትዞር «ናፍቃችሁኝ መጣሁ» ብትል ክብሯ አይነካም፤ የልጆቿም ሆድ አይጎድልም። ልቧ ግን አንድ ነገር ብቻ ይፈልግ ነበር፦ ክረምቱ ሳይገባ፣ ንስር የማያይበት፣ ዝናብ የማያልፍበት የራሷ ጣራ።

መጀመሪያ የሄደችው ገደል ላይ ወደምትኖረው ወደ አክስቷ ልጅ ወደ ሽኮኮ ነው።

«እንደምን ከረምሽ፣ እህት ዓለም? ናፍቀሽኝ መጣሁ!»

«ውይ! ጥንቸልዬ! እግዜር ያምጣሽ! ግቢ፣ ግቢ፤ ቤቱ ቢጠብ ልባችን ሰፊ ነው» አለች ሽኮኮ።

ቤቱ በእርግጥም ጠባብ ነው፤ የድንጋይ ስንጥቅ ነው። የሽኮኮ እግር ገደል ይይዛል፤ የጥንቸል እግር ግን ምኑን ይይዛል? አንዱ ልጅ ሲንሸራተት፣ ሌላው ሲንጠለጠል፣ እናት በጥርሷ እየጎተተች ስትመልስ ትውላለች። ሽኮኮም ክፉ አልነበረችም። በመጀመሪያው ቀን «ብዪ እንጂ፣ በሞቴ!» አለች። በማግሥቱ «ብዪ» አለች። በሦስተኛው ቀን «በላሽ?» አለች። እመት ጥንቸል ያን ሁሉ ጆሮ የተሸከመችው በከንቱ አይደለም፤ «በላሽ?» የሚለውን እንደሰማች ልጆቿን ሰብስባ፣ መርቃና አመስግና ወጣች።

ከዚያ ወደ አበልጇ ወደ ፍልፈል ወረደች። አባ ፍልፈል የበኩር ልጇን ክርስትና ያነሣ፣ ከመሬት በታች የሚኖር ደግ ሽማግሌ ነው።

«አበልጄ፣ ናፍቀውኝ መጣሁ!»

«ግቢ፣ ልጄ! የእኔ ቤት ለማንም አይጠብም፤ ከጠበበም እንቆፍራለን» አለ ፍልፈል፤ እውነቱን ነው፤ ወዲያው መቆፈር ጀመረ። ሲነጋም ሲመሽም ይቆፍራል። አፈሩ የልጆቹ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ እመት ጥንቸል ቀና ባለች ቁጥር ጆሮዋ ከጣራው ጋር ይጋጫል።

በመጨረሻ አባ ፍልፈል አዘነላትና መከራት። «ልጄ፣ እኔ ያለ ጆሮ ስንት ዘመን ኖርኩ፤ ምን ጎደለብኝ? ይህን ጆሮሽን ብታስቆርጪው ቤቱ ልክሽ ይሆን ነበር።»

«አበልጄ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። ጆሮዬን ቆርጬ የምገባበት ቤት ግን የእኔ ቤት አይደለም» አለችና ጉልበቱን ስማ ወጣች።

ሦስተኛዋ ጦጣ ናት። ጦጣ በጋብቻ በኩል ዘመዷ ናት፤ እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እነሱ ካመኑበት እኔ ምን ቸገረኝ። ትልቅ ሾላ ዛፍ ላይ ትኖራለች። ልጆቹን አንድ በአንድ በማጅራታቸው እያንጠለጠለች አወጣቻቸው፤ እናትየዋንም ስትጎትት ግማሽ ቅርንጫፍ ሰበረች። ጎረቤት ጦጣዎች ሁሉ ለማየት ተሰበሰቡ።

«ናፍቀሽኝ መጣሁ!» አለች እመት ጥንቸል እያለከለከች።

ጦጣም አገጯን እያከከች አየቻት። «ሽኮኮንም ናፍቀሻት ነበር አሉ። ፍልፈልንም ናፍቀሽው ነበር አሉ። እውነት ንገሪኝ፤ ዘመድ ጥየቃ ነው ቤት ፍለጋ?»

ጦጣዎቹ ቅርንጫፉ እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እመት ጥንቸል አፈረች። ልጆቿ ፊት በመሆኑ ደግሞ ይበልጥ ከነከናት። ግን አንገቷን አልደፋችም።

«ሁለቱም ነው» አለች። «ዘመዴ ስለሆንሽ ጠየቅሁሽ፤ ቤት ስለሌለኝ ደግሞ እፈልጋለሁ። ከዚህ ከፍታ ሁሉ ይታይሻል፤ ከመሳቅ ይልቅ ብታዪልኝስ?»

ጦጣ ሳቋን ዋጠች። ጫፍ ላይ ወጥታ፣ በእጇ ግንባሯን ጋርዳ አገሩን ቃኘችው። «ከወንዙ ማዶ፣ ሰው ለቅቆት በሄደው መንደር፣ አንድ ነገር በጎኑ ተጋድሟል። አፍ አለው፤ ሆድ አለው፤ ሲተነፍስ ግን አይታይም።»

እመት ጥንቸልም ልጆቿን አስከትላ ወንዙን ተሻገረች። የተጋደመው ነገር ለካ ጎታ ኖሯል፤ ያ ከጭቃና ከጭድ የሚሠራው ትልቁ የእህል ማስቀመጫ። ባለቤቶቹ ሲሄዱ ከብዳቸው ጥለዋታል። ጎታም ከሆዷ በሚወጣ ድምፅ ተናገረች።

«ማነሽ?»

እመት ጥንቸል «ናፍቀሽኝ መጣሁ» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። «ቤት ፈላጊ ነኝ» አለች።

«እኔ ቤት አይደለሁም። ጎታ ነኝ።»

«ምን ይዘሻል?»

«ምን እይዛለሁ! ባዶዬን ነኝ። ጎኔ ተሰንጥቋል። አይጥ እንኳ አንድ ቀን መጥታ አሽትታኝ ሄደች።»

«እኔ የምፈልገው ባዶሽን ነው፤ ለስንጥቅሽ ደግሞ ጭቃ አለ» አለች እመት ጥንቸል።

እናት ከወንዙ ዳር ጭቃ አመጣች። ልጆቹ ከመንደሩ አሮጌ አውድማ ዳር የተረፈ ጭድ ተሸክመው መጥተው አብረው ረገጡት። ስንጥቁን ሞሉት፤ ወለሉን አለሰለሱት። ጎታም «እንዲያው ይኮረኩራል እኮ!» እያለች ትስቅ ነበር። ንስሩ በላይዋ ቢዞር ቢዞር፣ የሚያየው የተጋደመ ጭቃ ብቻ ሆነ።

አሁን ደግሞ የመጣውን ጉድ ስሙ። አንድ አመሻሽ ላይ አያ ጃርት እሾሁን እያንቋቋ ደጁ ላይ ቆመ።

«የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ መሽቶብኛል» አለ።

እመት ጥንቸል ያን በጋ ሁሉ በሰው ደጅ የቆመች ናት፤ እንዴት አድርጋ «አይሆንም» ትበል? «ግባ» አለችው። በመጀመሪያው ቀን ከበሩ አጠገብ ተኛ። በማግሥቱ መሃል ላይ ተኛ። በሦስተኛው ቀን እሾሁን ነፋ አድርጎ ዘርጋ ሲል፣ እናትም ልጆችም ራሳቸውን ውጭ አገኙት።

«አያ ጃርት፣ ምን ነካህ? ቤቱ እኮ የእኔ ነው!»

«የማን?» አለ ጃርት ከውስጥ። «አንቺ ዘመድ ጠያቂ ነሽ። ሽኮኮን ጠይቀሻል፣ ፍልፈልን ጠይቀሻል፣ ጦጣን ጠይቀሻል። እኔንም ልትጠይቂ መጣሽ፤ ተጠየቅሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ሂጂ።»

እመት ጥንቸል ደነገጠች። የገዛ ዘዴዋ ዞሮ እሷኑ ነከሳት። አገሩ ሁሉ የሚያውቃት በእንግድነቷ ነዋ! ሰማዩ ደግሞ መጥቆር ጀምሯል።

ነገሩ ወደ ዳኛ ኤሊ ሄደ። ኤሊን ዳኛ ያደረጓት ቤቷን በጀርባዋ አዝላ ስለምትዞር ነው፤ የሰው ቤት አትመኝማ። ኤሊም እያዘገመች መጥታ ከጎታዋ ፊት ተቀመጠች።

«የጥንቸል ነኝ!» አለች ጎታ ሳትጠየቅ።

«ዕቃ አይመሰክርም!» ብሎ ጮኸ ጃርት። «ነገ ሙቀጫውም ዘነዘናውም ልመስክር ሊል ነው?»

«እውነቱን ነው፤ ዕቃ አይመሰክርም» አለች ኤሊ። «ልጅም ለእናቱ አይመሰክርም። ጥንቸል፣ ሌላ ምስክር አለሽ?»

እመት ጥንቸል ጥቂት አሰበች። ከዚያ ጆሮዋ ቀጥ አለ። «ምስክር የለኝም፣ ዳኛ ኤሊ። ግን እሑድ እንግዶች ይመጣሉ። እስከዚያ ፍርዱ ይቆየኝ፤ እርስዎም አይራቁ።»

«እንግዶቹ የሚመጡት ለማን ነው?» አለ ጃርት።

«ለባለቤቱ» አለች እመት ጥንቸል።

«እንግዲያው ይምጡ!» አለ ጃርት፤ የሚበላ ነገር ይዘው እንደሚመጡ አስቦ ምራቁን ዋጠ።

እሷም ለዘመዶቿ «ቤት ይዣለሁ፤ ኑ» ብላ ላከች። እሑድ ረፋድ ላይ መጡ። ሽኮኮ የገደል ሣር ተሸክማለች፤ አባ ፍልፈል ትኩስ የተቆፈረ ድንች ይጎትታል፤ ጦጣ ሾላ በጉንጯም በእጇም ሞልታለች። በአገራችን አዲስ ቤት ባዶ እጅ አይገባም፤ ዝም ተብሎም አይገባም። ደጅ ላይ ቆሙና እንደ ወጉ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ቤት ለእምቦሳ!»

ጃርት ጎታዋ ውስጥ ተጋድሞ ነበር። ድንቹ ሸተተው። አያ ጃርት በዕድሜው ያልበላበት የቤት ምርቃት የለም፤ ሁልጊዜ ግን ከደጅ ከሚመጡት ጋር ነው። እሾሁን እያንቋቋ ተፈትልኮ ወጣ፤ ከእንግዶቹ መሃል ገብቶ ቆመ፤ ፊቱን ወደ ጎታዋ አዞረ፤ ከሁሉም በላይ ጮኸ።

«ቤት ለእምቦሳ!»

ሁሉም ወደ ጎታዋ ተመለከተ። እዚያ በር ላይ፣ ጃርት በለቀቀው ቦታ፣ እመት ጥንቸል ቆማለች፤ ሦስቱ ልጆቿም ከጎኗ። ያችን የባለቤት መልስ በሽኮኮ ገደል ላይ፣ በፍልፈል ጉድጓድ ውስጥ፣ በጦጣ ዛፍ ላይ ስትተኛ በልቧ ደጋግማ ብላታለች፤ በአፏ ግን አንድ ቀን እንኳ ብላት አታውቅም። ዛሬ ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ።

«እምቦሳ እሰሩ!»

ልጆቿም ተከትለው «እምቦሳ እሰሩ!» አሉ። ጎታም ሆዷን ሙሉ ተቀብላ «እሰሩ! እሰሩ!» አለች፤ ወንዙ ማዶ ድረስ ተሰማ።

ዳኛ ኤሊ አንገቷን ከቤቷ አወጣች። «ጃርት፣ ቤት ለእምቦሳ ያልከው ለማን ነው?»

«ለ... ለባለቤቷ...» አለና ጃርት አፉን በእጁ ያዘ። እጁ ግን ዘገየ።

«ሌላ ምስክር አላስፈለገኝም» አለች ኤሊ። «እግርህ ወጣ፤ አፍህ ፈረደ። ቤቱ የጥንቸል ነው።»

ጃርት እሾሁ ሁሉ ረገበ። ሊሄድ ሲል እመት ጥንቸል ጠራችው።

«አያ ጃርት፣ የት ትሄዳለህ? ድንቹ አልተበላም እኮ። በእንግድነት መጣህ፣ በእንግድነት ጠግበህ ሂድ። ብቻ ከዛሬ ጀምሮ የምትተኛበትን ቦታ የማሳይህ እኔ ነኝ!»

ጦጣ ሳቀች፣ ሽኮኮ ሳቀች፣ ፍልፈልም ምን እንደተባለ ሳይሰማ ሳቀ። ወዲያው የመጀመሪያው ዝናብ ዱብ ዱብ አለ። እመት ጥንቸልም ዞር ብላ፣ ያን በጋ ሁሉ ዘመዶቿ ሲሏት የከረሙትን ቃል እሷ አለችው፦ «ግቡ፣ ግቡ! ዝናብ ሳይመታችሁ ግቡ!»

ሺህ ደጅ ቢረግጡ ባለቤት አይባልም፤ ባለቤት «ግቡ» የሚል ነው። እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ እናንተ ቤታችሁ እንግዳ አይጣ።